ማን ጠጣ፣ ማን ቀመሰ? የቼኮች በዓልና የማይቆጠረው ቅምሻ

በፈረንጆቹ ዲሴምበር በገባ ቁጥር የቼክ ሪፐብሊክ ጋዜጦችና ድረ ገጾች አንድ ዓይነት ዜና ይዘው ይወጣሉ። አንድ የጤና መድን ድርጅት ወይም የገበያ ጥናት ኩባንያ ሰዎችን “ለበዓል ምን ትበላላችሁ፣ ምን ትጠጣላችሁ?” ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ ይጨመቅና “ወንዶች ይጠጣሉ፣ ሴቶች ጣፋጭ ያበዛሉ” የሚል ርዕስ ይወጣለታል። ክርክሩ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ከፊሉ “ተፈጥሮ ነው” ይላል። ከፊሉ “ይሄ የድሮ ወሬ ነው፣ ዛሬ ሴቱም ወንዱም እኩል ነው” ብሎ ያጣጥለዋል። ከ40 እስከ 60 ዓመት ያለውን ትውልድ ካየን ግን ሁለቱም ወገኖች የሚዘሉት ነገር አለ።

ርዕሱ ውሸት አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት መሠረት አንድ ቼክ ወንድ በዓመት የሚጠጣው አልኮል አንዲት ሴት ከምትጠጣው ከእጥፍ በላይ ነው። የሚያሳስተው ልዩነቱን የምላስ ጉዳይ ማድረጉ ነው፤ ወንድ መራራውን፣ ሴት ጣፋጩን ይወዳሉ እንደማለት። በዓሉን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ልዩነቱ የሚጀምረው ከጓዳ ነው። ማን ቆሞ ያዘጋጃል? ማን ተቀምጦ ይቀርብለታል? ማን ሲበላ ይታያል፣ ማንስ ሳይታይ ይበላል? መጠይቆቹ የሚሳቱትም፣ የጤናው መዘዝ ተሸፍኖ የሚቆየውም እዚሁ ላይ ነው።

ካርፕ፣ የድንች ሰላጣና ባዶ ሆድ

የቼኮች ገና የሚከበረው በዋዜማው፣ ዲሴምበር 24 ቀን ነው። ዕለቱን “ሽቴድሪ ዴን” ይሉታል፤ የቸርነት ቀን ማለት ነው። ራቱ በአብዛኛው ቤት ተመሳሳይ ነው፦ ዱቄት፣ እንቁላልና የዳቦ ፍርፋሪ ለብሶ በዘይት የተጠበሰ ካርፕ ዓሣ ከድንች ሰላጣ ጋር። ካርፕ በእኛም አገር በዝዋይና በቆቃ የሚጠመድ ዓሣ ነው። የቼኮቹ ካርፕ የሚመጣው ግን ሰው ከሠራቸው ኩሬዎች ነው። በደቡብ ቦሄሚያ፣ ትርዜቦኝ በተባለችው ከተማ ዙሪያ ካሉት ኩሬዎች ትልቁ ሮዥምበርክ ሲሆን በ1590 የተጠናቀቀና 490 ሄክታር ገደማ የሚሸፍን ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በዓሉ ጥቂት ቀን ሲቀረው ውሃ የተሞሉ ትልልቅ ገንዳዎች በየአደባባዩ ይደረደራሉ። የጎማ ሽርጥ የታጠቀው ሻጭ ዓሣውን በመረብ ያወጣል፣ ይመዝናል፣ እዚያው ገድሎና አጽድቶ እንዲሰጥ ወይም ከነሕይወቱ እንዲሸጥ ይጠይቃል። ከነሕይወቱ ገዝቶ ቤት በመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ማቆየት የቆየ ልማድ ነው፤ ልጆች ስም ያወጡለትና ሲታረድ ያለቅሳሉ።

ዓሣው ወደዚህ ማዕድ የገባው በጾም ምክንያት ነው። ለካቶሊኮች ዋዜማው የጾም ቀን ነበር፤ እኛ ገሃድ እንደምንለው ማለት ነው። ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በአውሮፓ “ሃይማኖት የለኝም” የሚል ሰው ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ የጾሙ ርዝራዥ ግን አልጠፋም። “እስከ ማታ ድረስ ያልበላ ወርቃማዋን አሳማ ያያል” ይባላል። ትልልቆቹም ቢሆኑ ቀኑን ቀለል ባለ ነገር፣ ለምሳሌ “ኩባ” በሚባለው የገብስና የእንጉዳይ ምግብ፣ ይገፉታል።

ለያዝነው ጉዳይ ዋናው ቁም ነገር ይህ ባዶ ሆድ ነው። ምግብ ሲኖር አልኮል ጨጓራ ውስጥ ይቆያል፤ ሆድ ባዶ ሲሆን ግን ወደ ትንሹ አንጀት ቶሎ ይወርድና በፍጥነት ደም ውስጥ ይገባል። ቀኑ ለሁሉም እኩል የጾም ቀን ቢባልም እኩል ባዶ ሆድ አይደለም። በልማዳዊው ቤት ወንዱ ዛፉን ያቆማል፣ ዓሣውን ያርዳል፣ ጎረቤት “እንኳን አደረሳችሁ” ሲል አንድ መለኪያ ይጨልጣል። ሴቷ ጓዳ ናት፤ ጨዉን ለማወቅ ትቀምሳለች፣ ማዮኔዙ መያዙን ለማየት ትቀምሳለች፣ ለሾርባው የዓሣውን እንቁላል ትቀምሳለች። እሱ ሳይበላ ጠጥቶ፣ እሷ ሳትቀመጥ በልታ ለራት ይገናኛሉ።

በራቱ ላይ አንድ የቆየ እምነት አለ፦ ከማዕዱ መጀመሪያ የተነሣ ሰው ዓመቱን አይጨርስም። ስለዚህ ሁሉም ነገር አስቀድሞ ተሠርቶ ጠረጴዛው ላይ መደርደር አለበት። ሰላጣው ከቀደመው ቀን ጀምሮ ተቀቅሎ፣ ተከትፎ፣ በማዮኔዝ ታሽቶ ያድራል። ድንች፣ ካሮት፣ የሰለሪ ሥር፣ አተር፣ እንቁላል፣ በኮምጣጤ የታሸገ ኪያር፤ ሁሉም በአንድ ልክ መከተፍ አለበት። እምነቱን ከልቡ የሚይዝ ዛሬ ጥቂት ነው፤ ከእምነቱ በስተጀርባ ያለው የሥራ ሸክም ግን እንዳለ ነው።

የአንድ ወር ቅምሻ

የቼክ ሴቶችና ጣፋጭ የሚያያዙት በ“ጹክሮቪ” ነው። ጹክሮቪ ለገና የሚጋገሩ ትንንሽ ብስኩቶች የወል ስም ነው። ከቅቤ፣ ከተፈጨ ኦቾሎኒ መሰል ፍሬ (ዎልነት) እና ከዱቄት የሚሠሩት የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው የቫኒላ ብስኩቶች አሉ። በመካከላቸው ማርማላታ የተቀባ ድርብ ብስኩቶች አሉ። በማር የተለወሱ የዝንጅብል ብስኩቶች አሉ። “የተርብ ጎጆ” የሚባለው ደግሞ የማይጋገር ሲሆን ሊጡ ሩም ይገባበታል፣ ሆዱም በእንቁላል ሊከር በራሰ ክሬም ይሞላል። ጎበዝ የምትባል እመቤት ከስምንትና ከአሥር ዓይነት በላይ ትሠራለች። ብስኩቱ ወዲያው አይበላም፤ በቆርቆሮ ሣጥን ተደርድሮ ቀዝቃዛ ቦታ፣ ብዙ ጊዜ በረንዳ ላይ፣ እንዲለሰልስ ይቀመጣል። ሥራው ከኖቬምበር መጨረሻ ጀምሮ ሳምንታት ይፈጃል።

አሁን ከጥያቄው ጋር እናገናኘው። “በበዓሉ ምን ያህል ጣፋጭ በላሽ?” ተብላ የተጠየቀች የ50 ዓመት ሴት የምታስበው ዲሴምበር 24፣ 25 እና 26 ሳህን ላይ የቀረበውን ነው። የሊጡን ቅምሻ፣ ጠርዙ የተሰበረውንና ለእንግዳ የማይቀርበውን፣ ሣጥኑን ስታስተካክል ያነሣችውን አትቆጥርም። ማንም አይቆጥርም። ወንዱ ግን የበላው በሳህን ቀርቦለት፣ የጠጣው በብርጭቆ ተቀድቶለት ስለሆነ በቀላሉ ይቆጥረዋል። የእሱ በዓል ሦስት ቀን ነው። የእሷ በዓል አንድ ወር ነው፤ የአመጋገቧም ልዩነት ከጣፋጭ ፍቅሯ ይበልጥ ከዚህ የሥራ ርዝመት የሚመነጭ ነው። ማንም ሰው ለአራት ሳምንት ከቅቤና ከስኳር ጋር ቢውል ይቀምሳል።

መለኪያው ሲሰላ

ስለ መጠጡ ሲወራ ብዙ ግራ መጋባት ያለው በመለኪያ ላይ ስለሆነ ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል። ቼኮች ቢራን “አሥር” እና “አሥራ ሁለት” እያሉ ያዝዛሉ። ቁጥሩ “ዲግሪ” ይባላል፤ ነገር ግን የአልኮል መቶኛ አይደለም። ከመፍላቱ በፊት በብቅሉ ውሃ ውስጥ ምን ያህል የሚሟሟ ነገር (በዋናነት ስኳር) እንደነበረ የሚነግር ነው። አሥር ዲግሪው 4 በመቶ ገደማ፣ አሥራ ሁለቱ 5 በመቶ ገደማ አልኮል ይይዛል። በአገሩ የተለመደው ብርጭቆ ግማሽ ሊትር ነው። ስለዚህ አንድ አሥራ ሁለት ዲግሪ ቢራ ወደ 20 ግራም ንጹሕ አልኮል አለው።

ሁለት ዴሲ ሊትር ወይን፣ ማለትም በየቤቱ “አንድ ብርጭቆ” የሚባለው፣ 12 በመቶ ከሆነ 19 ግራም ነው። ቼኮች ከፕሪም የሚያወጡት “ስሊቮቪጸ” የሚባለው አረቄ ብዙ ጊዜ 50 በመቶ ይጠጋል፤ ትልቁ መለኪያ 50 ሚሊ ሊትር ስለሆነ እሱም 20 ግራም ገደማ ይሆናል። እንግዲህ የወንዱ አንድ ቢራ፣ የሴቷ አንድ ብርጭቆ ወይንና የአያትየው አንድ መለኪያ ስሊቮቪጸ እኩል ናቸው። በንግግር ግን እኩል አይደሉም። ቢራ “ይጠጣል”፣ ወይን “አንድ ብርጭቆ ይወሰዳል”፣ የእንቁላል ሊከር ደግሞ “ይቀመሳል”።

የእንቁላል ሊከሩ ለብቻው መታየት አለበት። ከአስኳል፣ ከተጨመቀ ወተት፣ ከስኳርና ከአረቄ ተመትቶ ብዙ ቤት የሚዘጋጅ፣ እንደ ክሬም የወፈረ መጠጥ ነው። የሴቶች መጠጥ ተብሎ ይታሰባል። 18 በመቶ ቢሆን 40 ሚሊ ሊትሩ ወደ 6 ግራም አልኮል አለው፤ ሦስት ትንንሽ ብርጭቆ ከአንድ አሥር ዲግሪ ቢራ ጋር ይቀራረባል። ጣፋጭ ስለሆነ አልኮሉ አይታወቅም፣ በሻይ ማንኪያ የሚበላም አለ። መጠይቅ ላይ “ጣፋጭ” ይሁን “መጠጥ” ተብሎ የሚመዘገበው በጠያቂው ውሳኔ ነው። ሞቆ የሚቀርበው የገና ወይንም እንዲሁ ነው፦ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ሲጠጣ ሙቀት ፍለጋ እንጂ መጠጣት አይመስልም።

የፋሲካው ሰኞ

የወንድና የሴት ልዩነት በገና ጓዳ ውስጥ ተሸፍኖ ይቀራል፤ በፋሲካ ግን አደባባይ ይወጣል። በፋሲካ ማግስት ሰኞ ጠዋት ወንዶች ከአኻያ ቀንበጥ የተጎነጎነ “ፖምላዝካ” የሚባል አለንጋ ይዘው ከቤት ቤት ይዞራሉ። ያገኙዋትን ሴት እግሯን ቸብ ቸብ ያደርጋሉ፤ ቀንበጡ ወጣትነትንና ጤናን ያጋባባታል ተብሎ ነው። ሴቷ በምላሹ ቀለም የተቀባ እንቁላል ትሰጣለች፣ ለልጆቹ ጣፋጭ፣ ለአዋቂዎቹ ደግሞ በመለኪያ አረቄ ትቀዳለች። በተለይ በአገሪቱ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በሞራቪያ መንደሮች፣ ይህ ልማድ ጠንካራ ነው።

ሥርዓቱ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ወንዱ ዟሪ ነው፣ ሴቷ ቤት ጠባቂ። እሱ አሥር ቤት ከዞረ አሥር ጊዜ ይቀዳለታል፤ እምቢ ማለት ደግሞ ለቤቱ ክብር መንፈግ ነው። እሷ ከጠዋት ጀምሮ ትቀዳለች፣ ቋሊማና ዳቦ ታቀርባለች፣ ታጥባለች። አሥር መለኪያ የጠጣው ሰው አሥር መለኪያ ልጠጣ ብሎ የወጣ ላይሆን ይችላል። የመጠጡን ልክ የወሰነው የጎረቤቶቹ ብዛት ነው። ስለዚህ “ወንድ መጠጥ ይወዳል” የሚለው አባባል ሥርዓቱን ከነአካቴው ይዘለዋል።

ከዚህ ጋር አንድ ሕግ አብሮ ይታሰብ። በቼክ ሪፐብሊክ ለአሽከርካሪ የሚፈቀደው የአልኮል መጠን ዜሮ ነው። ቤተሰብ ከአያት ወደ አማት ቤት በሚመላለስበት ሰሞን ከባልና ሚስት አንዱ ጨርሶ መቅመስ አይችልም። በመካከለኛ ዕድሜ ባሉ ጥንዶች ዘንድ መሪውን የሚይዘው ብዙ ጊዜ ማን እንደሚሆን ከላይ ካለው ሥርዓት መገመት ይቻላል። የእሷ አለመጠጣትም “ሴት አትጠጣም” ተብሎ ይመዘገባል።

የሁሳክ ልጆች

የዛሬው መካከለኛ ዕድሜ ለምን ለብቻው ይታያል? ይህ ትውልድ የራሱ ስም አለው፤ “የሁሳክ ልጆች” ይባላል። ጉስታቭ ሁሳክ ከ1969 የቼኮዝሎቫኪያ ኮሚኒስት ፓርቲ መሪ፣ ከ1975 እስከ 1989 ደግሞ ፕሬዚዳንት ነበር። በ1970ዎቹ መንግሥት ለቤተሰብ ድጎማና ለአዲስ ተጋቢዎች ብድር በመስጠቱ ወሊድ አሻቀበ። በ1974 በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ግዛት ብቻ ከ194,000 በላይ ሕፃናት ተወልደዋል። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ 50 አልፈዋል።

እነዚህ ሰዎች በዓልን የተማሩት በእጥረት ዘመን ነው። ማንዳሪንና ሙዝ የሚገኘው ለገና ሰሞን፣ ያም ተሰልፎ ነበር። የሰልፉ፣ የማከማቸቱ፣ የመጋገሩ ሥራ በአብዛኛው የእናት ነበር። የዚያን ጊዜዋ ቼክ እናት ደግሞ እንደ አባትየው ሙሉ ቀን ተቀጥራ የምትሠራ ናት፤ ሥርዓቱ ሴቶችን ወደ ፋብሪካና ቢሮ ሲያስገባ ወንዶችን ወደ ጓዳ አላስገባም። የሶሲዮሎጂ ባለሙያዎች ይህን “ሁለተኛው ፈረቃ” ይሉታል፦ ከደመወዙ ሥራ በኋላ ቤት ውስጥ የሚጠብቅ፣ ደመወዝ የሌለው ሥራ። በዓል የዚህ ፈረቃ ጣሪያ ነው። ጎተራ ሙሉ፣ ሣጥን ሙሉ፣ ጠረጴዛ ሙሉ ማድረግ ለዚያ ትውልድ የፍቅር መግለጫ ነበር፤ ልጆቹ ያንን ይዘው አደጉ።

ስለዚህ የ50 ዓመቷ ቼክ ሴት ዛሬ ሱፐርማርኬቱ በሁሉ ነገር ተሞልቶ ሳለ አሥር ዓይነት ብስኩት ስትጋግር የምትደግመው የእናቷን በዓል ነው። የ50 ዓመቱ ወንድም ከአባቱ ያየውን ይደግማል። ታናናሾቻቸው ጹክሮቪውን ከመጋገሪያ ቤት በኪሎ ይገዛሉ፣ ከካርፕ ይልቅ ሳልመን ወይም የተጠበሰ የሥጋ ሽኒትዘል ያቀርባሉ። ትውልዱ ሲለወጥ የፆታ ልዩነቱም መጥበቡ በሌሎች አገሮችም የታየ ነው። በ2016 የታተመ፣ የብዙ አገሮችን ጥናት አንድ ላይ የገመገመ ሥራ እንዳሳየው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከተወለዱት መካከል ወንዶች አልኮል የመጠጣት ዕድላቸው ከሴቶቹ በእጥፍ ይበልጥ ነበር፤ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ በተወለዱት ዘንድ ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። የሁሳክ ልጆች መሐል ላይ ናቸው። በልማድ የድሮዎቹን፣ በአጋጣሚዎች ብዛት የአዲሶቹን ይመስላሉ።

ተፈጥሮስ ምን ድርሻ አላት?

“ሁሉም ልማድ ነው” የሚለውም ወገን ራሱን ማስተካከል አለበት። የሴት ሰውነት በአማካይ አነስተኛ ውሃ፣ ከፍ ያለ የስብ ድርሻ አለው። አልኮል ደግሞ የሚሰራጨው በውሃ ውስጥ ነው። እኩል ክብደት ያላቸው ወንድና ሴት እኩል ቢጠጡ በሴቷ ደም ውስጥ ያለው የአልኮል ክምችት ይበልጣል። አልኮልን በጨጓራ ውስጥ የሚሰባብረው ኤንዛይም በሴቶች ዘንድ ደከም ያለ መሆኑም ተመልክቷል። ለዚህ ነው የብዙ አገሮች የጤና መመሪያዎች ለሴት ዝቅ ያለ ወሰን የሚያስቀምጡት።

ግን ይህ የሚያስረዳው የአልኮሉን ጉዳት እንጂ የአልኮሉን ምርጫ አይደለም። ሴቶች በተፈጥሯቸው ጣፋጭ ለስላሳ መጠጥ የሚመርጡ ቢሆን ኖሮ የቼክ ሴቶች የሚጠጡትን ቢራ ማስረዳት ባልተቻለ። በአገሩ ሴት ግማሽ ሊትር ይዛ መቀመጧ ለማንም አይደንቅም። የሥነ ሕይወቱ ክርክር ጠቃሚ የሚሆነው “ማን ምን ይወዳል” በሚለው ሳይሆን “ያው መጠን ማንን ይጎዳል” በሚለው ላይ ነው።

መጠይቁ የት ላይ ይስታል?

ሰው ስለ መጠጡ ሲጠየቅ ያሳንሳል። በየአገሩ በተደረጉ ንጽጽሮች ሰዎች ጠጣን ያሉት ተደምሮ ከተሸጠው አልኮል ጋር ሲመዛዘን ብዙ ጊዜ ግማሹን ቢሸፍን ነው። ጥያቄው ማን ምን ያህል ይሰውራል የሚል ነው። በቼክ ባህል የወንድ የበዓል ስካር ይቅር የሚባል፣ አልፎም ተርኮ የሚሳቅበት ነው፤ የእናት ስካር ግን ነውር ነው። ነውሩ በበዛበት መሰወሩም ይበዛል። ስለዚህ በመጠይቅ የሚታየው የወንድና የሴት ልዩነት ከእውነተኛው ሰፋ ብሎ ሊታይ እንደሚችል መጠርጠር ተገቢ ነው። ይህ ግን ልዩነቱን ጨርሶ አያጠፋውም፤ በሕመምና በሞት መዛግብት ላይ ያለው ልዩነት ከመጠይቅ ነጻ ሆኖ ያው የወንዶቹን ብልጫ ያሳያል።

በምግቡም በኩል ሌላ ስህተት አለ። ከበዓል በኋላ ሁሉም ሰው ሁለት ሦስት ኪሎ ጨመርኩ ይላል። በ2000 በአሜሪካ በታተመ ታዋቂ ጥናት 195 አዋቂዎች ከኖቬምበር በፊት ጀምሮ ሲመዘኑ ከርመው በበዓሉ ሰሞን የጨመሩት በአማካይ 0.37 ኪሎ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ራሳቸው የገመቱት ግን የዚያን ብዙ እጥፍ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ መሆኑ ሊያዘናጋ አይገባም፤ ጭማሪው በቀጣዮቹ ወራት አልወረደም። በየዓመቱ የምትጨመር ትንሽ ክብደት ከ30 ዓመት እስከ 55 ስትደመር የመካከለኛ ዕድሜን ሆድ ትሠራለች። በቼክ ሪፐብሊክ ከአዋቂዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከሚገባቸው በላይ ይመዝናሉ፤ ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ይብሳሉ። “ጣፋጭ የምታበዛው ሴቷ ናት” የሚለው ርዕስ ከዚህ እውነታ ጋር አይጣጣምም። ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አልኮል በአንድ ግራም 7 ካሎሪ አለው፣ ስኳር 4። ግማሽ ሊትር ቢራ ወደ 200 ካሎሪ ነው፤ ከካርፑና ከሰላጣው በላይ የሚደመር፣ ነገር ግን “ምግብ” ተብሎ የማይታሰብ።

ያው ማዕድ፣ የተለያየ ሕመም

አንድ ጠረጴዛ ላይ የበሉ ባልና ሚስት በበዓል ሌሊት ሐኪም ዘንድ የሚሄዱት በተለያየ ምክንያት ነው። (ጉሮሮ ውስጥ የተሰነቀረ የካርፕ አጥንት ግን ፆታ አይመርጥም።)

የሐሞት ጠጠር በሴቶች ዘንድ ከወንዶች ይልቅ በብዛት ይገኛል፤ ዕድሜ 40 ሲያልፍም ይጨምራል። ጠጠር ያለበት የሐሞት ከረጢት ቅባት የበዛበት ምግብ ሲመጣ ይኮማተራል፣ ጠጠሩ መውጫውን ሲዘጋም ከቀኝ ጎድን ሥር ኃይለኛ ሕመም ይነሣል። ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ቀምሶ ማታ በዘይት የተጠበሰ ዓሣና ማዮኔዝ መደረብ ለዚህ ሁነኛ መንገድ ነው። በወንዶች በኩል ደግሞ ሪህና በአልኮል የሚቀሰቀስ የቆሽት ብግነት ይበዛሉ።

ሐኪሞች “የበዓል ልብ” የሚሉትም አለ። ስያሜው ከ1978 ጀምሮ የሚታወቅ ሲሆን ሌላ የልብ ችግር ያልነበረበት ሰው በአጭር ጊዜ ብዙ ጠጥቶ የልቡ ምት ሲዛባ የሚነገር ነው። በስዊድን ከ283,000 በላይ የድንገተኛ ልብ ሕመም መዛግብትን የፈተሸ ጥናት ደግሞ ዲሴምበር 24 ቀን የድንገተኛ ልብ ሕመም ከተለመደው ቀን በ37 በመቶ ከፍ እንደሚል፣ ጣሪያውም ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ እንደሆነ አሳይቷል። ስዊድናውያንም እንደ ቼኮች ዋዜማውን የሚያከብሩ ናቸው። ጭማሪው የከፋው ከ75 ዓመት በላይ ባሉትና ስኳርና የልብ ሕመም በነበረባቸው ላይ ስለሆነ ለ50 ዓመት ሰው እንዳለ ማውረድ አይገባም፤ ባዶ ሆድ፣ ከባድ ራት፣ አልኮል፣ ድካምና የስሜት መወጠር አንድ ምሽት ላይ ሲገናኙ ግን ምን እንደሚሆን ይጠቁማል።

ቼክ ወንድ በ2023 ስታቲስቲክስ መሠረት በአማካይ 76.9 ዓመት፣ ሴት 82.8 ዓመት እንደሚኖሩ ይጠበቃል። የስድስት ዓመቱ ልዩነት በበዓል የተፈጠረ አይደለም። ይሁንና ስካሩ “በዓል ነው” እየተባለ የሚታለፍለት ወንድ እርዳታ የሚሻበትን ጊዜ ያዘገያል። ሴቷ ዘንድ መዘግየቱ በሌላ በር ይመጣል፦ ማንም አይጠረጥራትም። ማታ ማታ ዕቃ እያጠበች የምትጨርሰውን ወይን ቤተሰቧም፣ ሐኪሟም፣ መጠይቁም አያዩትም። አልኮል በትንሽ መጠንም ቢሆን የጡት ካንሰርን አደጋ እንደሚጨምር በሕክምናው ዓለም ስምምነት አለ፤ ይህን ለ50 ዓመት ሴት በግልጽ መንገር ደግሞ ስለ ኪሎ ከመቆጣት እጅግ የሚበልጥ ቁም ነገር ነው። ስለ ቼክ በዓል በሚወጡት ዘገባዎች ላይ ሴቶችን የሚመለከተው ምክር ግን ዛሬም በአብዛኛው ስለ ወገብ ነው።

ድራፍቱ ሲወደድ

ልዩነቱ ወዴት እያመራ ነው? ቼኮች በነፍስ ወከፍ የቢራ ፍጆታ ከዓለም ቀዳሚነታቸውን ለበርካታ አሥርት ዓመታት ይዘዋል፤ መጠኑ ግን እየወረደ ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ በዓመት 160 ሊትር ገደማ የነበረው ዛሬ እንደ ጠማቂዎቹ አሃዝ ከ130 ሊትር በታች ነው። የሚወርደው በተለይ መጠጥ ቤት የሚጠጣው ድራፍት ነው። በ2024 መጀመሪያ በምግብ ቤትና በመጠጥ ቤት የሚቀዳ ቢራ ላይ የሚከፈለው ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ10 ወደ 21 በመቶ ከፍ ማለቱ ነገሩን አፋጥኖታል። ዛሬ ከሚሸጠው ቢራ ብዙው በጠርሙስና በቆርቆሮ ወደ ቤት የሚሄድ ነው።

የቼክ መጠጥ ቤት ለረጅም ጊዜ የወንዶች ቤት ነበር። መጠጡ ወደ ቤት ሲገባ ሁለት ነገር አብሮ ይለወጣል። አንደኛ፣ ቀጂው ከእንግዲህ አይቆጥርም፤ መጠጥ ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ብርጭቆ በወረቀት ላይ በጭረት ይመዘገባል፣ ቤት ውስጥ ጭረት የለም። ሁለተኛ፣ ሴቷ ወደ መጠጡ ሳትሄድ መጠጡ ወደ እሷ ይመጣል። የወይን ፍጆታ በነፍስ ወከፍ 20 ሊትር ገደማ ላይ ረግቶ መቆየቱም ከዚህ ጋር ይታያል።

የግብር ፖሊሲው ደግሞ ይህንን ለውጥ ገና አላየውም። በአረቄ ላይ ያለው ኤክሳይዝ ታክስ በ2024 እና በ2025 በየዓመቱ 10 በመቶ ጨምሯል። አረፋ የሌለው ወይን ላይ ያለው ኤክሳይዝ ግን ዜሮ ነው። የወይን አምራቾቹ መከራከሪያ አለ፤ አብዛኞቹ በደቡብ ሞራቪያ ያሉ አነስተኛ ቤተሰባዊ ገበሬዎች ናቸው፣ ግብር የመሰብሰቢያው ወጪም ከገቢው ሊበልጥ ይችላል ይላሉ። የጤና ባለሙያዎች በበኩላቸው አልኮል በየትኛውም ጠርሙስ አልኮል ነው ይላሉ። በዚህ ክርክር ውስጥ የፆታው ጉዳይ ብዙም አይነሣም፤ በእኔ ግምት መነሣት ነበረበት። ወንዱ በወግ የሚጠጣው አረቄና ድራፍት እየተወደደ፣ ሴቷ በወግ “አንድ ብርጭቆ የምትወስደው” ወይን እንዳለ መቆየቱ ሳይታሰብ የተወሰነ የፆታ ፖሊሲ ነው።

ከበዓሉ በኋላ የሚመጣ አንድ ልማድም አለ። ከ2010ዎቹ ጀምሮ “ሱኼይ ኡኖር”፣ ማለትም ደረቁ ፌብሩዋሪ፣ የሚባል ዘመቻ በየዓመቱ ይካሄዳል፤ ተሳታፊዎች አንድ ወር ሙሉ አልኮል አይቀምሱም። ዘመቻውን የሚያስተባብረው በወንዶች ሕይወት ላይ የሚሠራ ማኅበር ነው፤ ትኩረቱ ሲጀመር ወንዶች ላይ መሆኑ ከሚታየው መጠጥ አንጻር ይገባል። በፌብሩዋሪ የሚቆመው ግን መለኪያው ነው። በረንዳው ላይ ባለው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የቀረው ጹክሮቪና ፍሪጅ በር ላይ የቆመው ግማሽ ጠርሙስ የእንቁላል ሊከር በዚያን ጊዜ ብዙ ቤት ውስጥ ገና አላለቀም።